የጦርነት ፊልምና የከያኒው ኃላፊነት

ኢጣሊያዊው የፊልም አዘጋጅ ጂሎ ፖንቴኮርቮ እ.ኤ.አ. በ1960 «ካፖ» የተሰኘውን ፊልም ሲያቀርብ ዓላማው የናዚዎችን የማጎሪያ ካምፕ ግፍ ማጋለጥ ነበር። በአንዱ ትዕይንት አንዲት እስረኛ ኤሌክትሪክ በተለቀቀበት የሽቦ አጥር ላይ ራሷን ወርውራ ትሞታለች፤ ካሜራውም ወደ አስከሬኗ ተጠግቶ ለዓይን በሚያምር አቀማመጥ ያሳያታል። በተከታዩ ዓመት ፈረንሣዊው ሐያሲ ዣክ ሪቬት «ካየ ዱ ሲኔማ» በተባለው መጽሔት ይህችን የጥቂት ሰከንድ እንቅስቃሴ ነቅሶ አዘጋጁን ክፉኛ አወገዘ። ነቀፌታው ሞት ለምን ታየ የሚል ሳይሆን፣ ሞት እንዲያምር ተደርጎ ለምን ተቀናበረ የሚል ነበር። ቃሉ ከልክ በላይ የመረረ ቢሆንም ፍርዱ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ይኸው አዘጋጅ በ1966 ይበልጥ አወዛጋቢ የሆነውን «የአልጀርስ ውጊያ» ይዞ ብቅ አለ። ፊልሙ በአብዛኛው የአልጄሪያ ሕዝብ ከ1954 እስከ 1957 በፈረንሣይ ቅኝ አገዛዝ ላይ በዋና ከተማው ያካሄደውን ትግል ይተርካል። የተቀረጸው በዚያው በአልጀርስ ሲሆን፣ ከትግሉ መሪዎች አንዱ የነበረው ያሴፍ ሳዓዲ የራሱን ታሪክ በሚመስል ገጸ ባሕርይ ተጫውቶበታል። የዜና ፊልም ቢመስልም ከዜና ፊልም የተወሰደ አንዳች ምስል የለበትም።

እዚህ ላይ ጭካኔው የሚታይበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ሥቃዩ ካበቃ በኋላ ነው፤ ወታደሮቹ የተናዘዘላቸውን ምስኪን ቡና ያቀምሱታል፣ የራሳቸውን የደንብ ልብስም ያለብሱታል። የተመልካቹን ልብ ለመስበር የሰውዬው ፊት ይበቃል። ቆየት ብሎ አንዲት ታጋይ ፈረንጅ መስላ፣ ቦምብ በቦርሳዋ ይዛ ወደ አንድ ካፌ ትገባለች። ካሜራው አይቸኩልም፤ በዓይኗ እየተመራ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያያል፤ አይስክሬም የሚልስ ሕፃንም በመካከላቸው አለ። ለነጻነት ትግሉ የቆመ ተመልካች እንኳ ፊቱን ሊያዞር አይችልም። በካስባህ ፍርስራሽ ሥር ለሞቱት አልጄሪያውያንና በካፌው ለሞቱት አውሮፓውያን የሚሰማው የኀዘን ዜማም አንድ ነው። ይህ ገዥንና ተገዥን ማስተካከል አይደለም፤ ፊልሙ ለማን እንደሚቆም ግልጽ ነውና።

«የአልጀርስ ውጊያ» በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ሲያገኝ የፈረንሣይ ልዑካን አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ በፈረንሣይም ለዓመታት ለሕዝብ ሳይታይ ቆየ። በ2003 ደግሞ የአሜሪካ ጦር ኢራቅን በያዘበት ወቅት ፔንታጎን ለመኮንኖቹ አሳየው። ሊያጠኑ የመጡት የአማፅያንን ስልት ነበር፤ ይሁን እንጂ ያንን አይስክሬም የሚልስ ሕፃን ሳያዩ ወደ ፍንዳታው መድረስ አይቻላቸውም ነበር።