ከእሁድ ገበያ በአነስተኛ ወጪ ሸምቶ ማብሰል፦ ለጀጎልና አካባቢው ነዋሪዎች

በሐረር የእሁድ ገበያና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሠረታዊ ምርቶችን የደላላን ሰንሰለት በማሳጠር ለሸማቹ ያቀርባሉ። በሐረርጌ በስፋት የሚመረተው ማሽላ ብቻውን ወይም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ሲጋገር የእንጀራን ወጪ ይቀንሳል፤ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ሲበላ ደግሞ ማሽላው የሚያንሰውን ላይሲን ጥራጥሬው ያሟላል። በገበያ መዝጊያ ሰዓት በቅናሽ የሚሸጥ የበሰለ ቲማቲም፣ እስካልሻገተ ድረስ፣ ለስልስ ይበቃል።

በኦቾሎኒ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባቢሌ ኦቾሎኒ ስመ ጥር ቢሆንም፣ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ምንም ያህል ቢረክስ መሸመት አይገባም። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሲሆን፣ መቁላትም ሆነ መቀቀል ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ተፈጭቶ በቀረበ ኦቾሎኒ ላይ ጉድለቱ ስለማይታይ ፍሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞ በቤት መፍጨት ይመረጣል።

የተበላሸ ምርት የተሸጠለት ሸማች ደረሰኙን ይዞ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።