የአቀባዩ ታሪክ

በእስራኤል ከሀደራ ከተማ ባሕር ዳር ከሩቅ የሚታዩት ጭስ ማውጫዎች የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫ ናቸው። ረጅሙ 300 ሜትር ይደርሳል። ማመንጫው በ1981 ሥራ ሲጀምር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የሚያቃጥለው በመርከብ የሚመጣ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ መርከቦቹ የሚያራግፉትም ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ በተሠራ መድረክ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከከሰል ወደ ተፈጥሮ ጋዝ የመዞሩ ሥራ ተያይዟል። በከተማዋ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ምጣድ የምትጥድ ኢትዮጵያዊት እናት ግን መብራቱ ከከሰል ይምጣ ከጋዝ አትጠይቅም። የምጣዱን መሰኪያ የቀየረላትም፣ እንድትቀይር የነገራትም የለም። ቤቷ የሚያውቀው ሶኬቱን ብቻ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች እዚህ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ይሠራ ነበር፤ በጃቫም ሆነ በሲ ሻርፕ «ኒው» የምትባለውን ትእዛዝ ይጽፍና አዲስ ዕቃ ይወልዳል። ዛሬ «ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን» የሚባለው ልማድ ይህን ገለበጠው። ክፍሉ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሌላ አካል ሠርቶ ያቀብለዋል። ያንን የማቀበል ሥራ በጅምላ የሚሠራው ማዕቀፍ ፍሬምወርክ ይባላል። ሐሳቡ ከዚህ አያልፍም። ታሪኩን ረጅም ያደረገው የአቀባዩ ነገር ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በከተማው ያለ አንድ ክሊኒክ ለታካሚዎቹ የቀጠሮ ማስታወሻ በስልክ የሚልክ ፕሮግራም አለው እንበል። አስታዋሹ ክፍል መልእክት ላኪውን በሆዱ ውስጥ በ«ኒው» ከፈጠረው ሁለቱ ተጣብቀው ቀሩ ማለት ነው። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን ለመፈተን የሚሻ ባለሙያ እውነተኛ መልእክት ለእውነተኛ ሰው ሳይልክ መፈተን አይችልም። መልእክቱ ለዕብራይስጥ አንባቢ በዕብራይስጥ፣ ለአማርኛ አንባቢ በአማርኛ፣ ለሩሲያኛ አንባቢ በሩሲያኛ ይሁን ቢባልም አስታዋሹ ራሱ ተከፍቶ መጠገን አለበት። ላኪው በኮንስትራክተሩ (ክፍሉ ሲፈጠር በሚሠራው ኮድ) በኩል ከውጭ የሚገባ ከሆነ ግን ለፈተና ሐሰተኛ ላኪ፣ ለሥራ እውነተኛው ይሰጠዋል፤ አስታዋሹ ልዩነቱን አያውቅም።

የሐሳቡ ሥር ከስሙ ይቀድማል። በ1988 ራልፍ ጆንሰንና ብራያን ፉት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደገና ሊሠራባቸው ስለሚችሉ ክፍሎች ባሳተሙት ጽሑፍ ማዕቀፍ ማለት የሥራውን መሪነት የሚገለብጥ ነገር እንደሆነ አስረዱ። ፕሮግራመሩ ማዕቀፉን አይጠራም፣ ማዕቀፉ የፕሮግራመሩን ኮድ ይጠራል። በሙያው ይህ «የሆሊውድ ሕግ» ተባለ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ለተዋናይ «አንተ አትደውል፣ እኛ እንደውልልሃለን» ይሉታል ከሚባለው የመጣ ነው። በ1996 ፕሮግራመሩ ሮበርት ማርቲን ሌላ ሐሳብ ጨመረ፦ ላይኛው ክፍል በታችኛው ዝርዝር ላይ አይደገፍ፣ ሁለቱም በመካከላቸው ባለ ውል ላይ ይደገፉ።

እስከዚህ ያለው ወረቀት ነው። ልማዱን ወደ መሥሪያ ቤት ያስገባው ብስጭት ነበር።

በ1998 የወጣው ኢንተርፕራይዝ ጃቫቢንስ የባንክና የትልልቅ ድርጅቶችን ፕሮግራም ለማቅለል ታስቦ የተሠራ ቢሆንም በሥራ ላይ ከባድ ሆነ። አንዲት ትንሽ ክፍል ለመጻፍ ብዙ ፋይል ያስፈልጋል፤ ለመፈተንም ሙሉውን ሰርቨር ማስነሳት ግድ ይላል። አውስትራሊያዊው ሮድ ጆንሰን በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተችቶ ብቻ አልቀረም፤ ከ30,000 መስመር በላይ የሆነ አማራጭ ኮድ አብሮ አቀረበ። ከአንባቢዎቹ መካከል ዩርገን ሆለርና ያን ካሮፍ ኮዱ ወደ ክፍት ፕሮጀክት እንዲቀየር ገፋፉት። ስፕሪንግ የተባለው ማዕቀፍ እንዲህ ተወለደ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙም መጋቢት 2004 ወጣ። በዚያው ሰሞን ፖል ሃማንትና አስላክ ሄለሶይ ፒኮኮንቴይነር የተባለውን በጣም ትንሽ አቀባይ ሠርተው ነበር። የሶፍትዌር ጸሐፊው ማርቲን ፋውለር ጥር 2004 ባወጣው ጽሑፍ እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልማዱን ዛሬ በሚጠራበት ስም ጠራው።

የስፕሪንግ አቀባይ የሚታዘዘው በኤክስኤምኤል ፋይል ነበር። የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚቀበል በዚያ ዝርዝር ይጻፋል። በእርግጥ ኮዱ ነጻ ወጣ፤ ዝርዝሩ ግን በመቶ፣ በሺህ መስመር አበጠ። በፋይሉ ላይ የአንዲት ፊደል ግድፈት ቢኖር ኮዱን ተርጉሞ የሚያዘጋጀው ኮምፓይለር አያየውም፤ ስህተቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው፣ ያውም ማያ ገጽ በሚሞላ የስህተት ጽሑፍ። ከዚህ በኋላ ያለው የዚህ ሙያ ታሪክ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ዝርዝሩ የት ይጻፍ፣ ስህተቱስ መቼ ይታወቅ በሚል አንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

የመጀመሪያው መልስ ከጎግል መጣ። ቦብ ሊ በመጋቢት 2007 ጊስ የተባለውን ማዕቀፍ ለሕዝብ ሲለቅ ኤክስኤምኤሉን ጥሎ በጃቫ 5 የገባውን የአኖቴሽን ምልክት ተጠቀመ። የሚቀበለው ክፍል ኮንስትራክተሩ ላይ «ኢንጀክት» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ዝርዝሩም በጃቫ ራሱ ይጻፋል፣ ኮምፓይለሩም የዓይነት ስህተትን ይይዛል። በ2009 ተቀናቃኞቹ የጊስና የስፕሪንግ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ምልክቱን የጃቫ የጋራ ደንብ አደረጉት። በዚህ ሙያ ተቀናቃኞች እንዲህ በፍጥነት ሲስማሙ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ቀጥሎ ስልክ መጣ። ጊስ ፕሮግራሙ በሚሄድበት ጊዜ ክፍሎችን እየመረመረ ነው የሚያገናኘው፤ ይህ ምርመራ ለሰርቨር ምንም አይደለም፣ ለአንድሮይድ ስልክ ግን ፕሮግራሙን ሲከፍቱ የሚሰማ መዘግየት ነው። ስኩዌር የተባለው የክፍያ ኩባንያ በ2012 ዳገርን ሠራ፤ ጎግል ቀጥሎ ባዘጋጀው ሁለተኛው ዳገር ማገናኛው ኮድ ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ፣ በኮምፓይል ጊዜ እንዲጻፍ ሆነ። የጎደለ ዕቃ ካለ ፕሮግራሙ ከመወለዱ በፊት ይታወቃል። ዳገርን መማር ቀላል ስላልነበረ ጎግል በ2020 ሂልት የተባለ ማቅለያ ጨመረለት።

በእስራኤል ደግሞ ይህ ወግ ጠንካራ ተቃራኒ አግኝቷል። ኢላይ ሎፒያን በ2004 የመሠረተው ታይፕሞክ በማይክሮሶፍቱ ዶትኔት የተጻፈ ፕሮግራም በሚሄድበት ጊዜ ጣልቃ እየገባ በ«ኒው» የተወለደውን ዕቃ በሐሰተኛ የሚተካ መሣሪያ አወጣ። የክሊኒኩ አስታዋሽ ላኪውን በሆዱ ቢፈጥርም ኮዱ ሳይነካ መፈተን ተቻለ ማለት ነው። ክርክሩ ወዲያው ጦፈ። አንዱ ወገን መሣሪያው የተጣበቀ ኮድ መጻፍን ይቅር ይላል ብሎ ከሰሰ። ሌላው፣ ለፈተና ሲባል ብቻ ንድፍን ማጣመም ምን ይሉታል ሲል መለሰ። በታይፕሞክ ይሠራ የነበረው እስራኤላዊው ሮይ ኦሸሮቭ በ2009 ስለ ዩኒት ቴስት (የኮድ ክፍሎችን ለየብቻ ስለ መፈተን) ባሳተመውና በሙያው በስፋት በተነበበው መጽሐፍ ሁለቱንም መንገድ አስቀምጧል። ክርክሩ አንድ ጥሩ ነገር አደረገ፤ ከውጭ ማቀበል የፈተና ዘዴ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አናጋ። ለፈተና ሌላ መንገድ ካለም ላኪውን ከአስታዋሹ መለየት የሚጠቅም ከሆነ፣ ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበትና።

ወደ ሀደራ ስንመለስ፣ ኢትዮጵያውያን አይሁዶችን ወደ እስራኤል ካመጡት፣ ከ1984ቱ የሙሴ ዘመቻና በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ካጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ከተማዋ የብዙ ቤተ እስራኤላውያን መኖሪያ ሆናለች። ፕሮግራም የመጻፍ ሙያ ግን ለእነርሱ ልጆች በሩን በሰፊው አልከፈተም ነበር። በሀገሪቱ የሃይቴክ ሥራ የሚገኘው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲና በሠራዊቱ የቴክኖሎጂ ክፍሎች በኩል ስለሆነ፣ በሁለቱም ቦታ ዘመድ የሌለው ወጣት ከደጅ ይቀራል። አሸር ኤልያስ የተባለው ቤተ እስራኤላዊ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቴክ ካሪየር የተባለውን ማሠልጠኛ የመሠረተው ለዚህ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶችን ፕሮግራም መጻፍ አስተምሮ ለኩባንያዎች ያገናኛል። በዚያ ዘመን ወደ ሙያው የገባ ሰው በትልልቅ የጃቫ ቤቶች የሚጠብቀው ያው የስፕሪንግ ኤክስኤምኤል ነበር። ዛሬ የሚገባው ግን አቀባዩን የሚያገኘው ሳይፈልገው ነው። የጎግሉ አንጉላር ለድረ ገጽ ሠሪዎች አቀባዩን አብሮ ይዞ ይመጣል፤ በ2016 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶትኔት ኮርም በሆዱ ይዞታል። በእስራኤል የተመሠረተው ዊክስም ሪአክት ለተባለው የገጽ መሥሪያ ኦብሲዲያን የተባለ የራሱን አቀባይ ለሕዝብ ለቋል።

ልማዱን ሁሉም አልወደደውም። የጎ ቋንቋ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ ማዕቀፉን እንደ ድግምት ያዩታል፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ በዓይን ተከታትሎ ማግኘት ይከብዳል ይላሉ። ጎግል በ2018 ለእነርሱ ያወጣው ዋየርም ቢሆን ሰው በእጁ ሊጽፈው የሚችለውን ተራ ኮድ ከመጻፍ ያለፈ ሥራ የለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የዴንማርኩ ማርክ ሲማን ነው። በ2011 በዶትኔት ስለ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ማዕቀፎቹን አንድ በአንድ አስተዋውቋል። በ2014 ግን ያለ ማዕቀፍ፣ በፕሮግራሙ መግቢያ ላይ በእጅ ማገናኘትን ደግፎ ጻፈ፤ ቀድሞ የድሃ መንገድ ይባል የነበረውንም «ንጹሕ» አለው። በ2019 ከስቲቨን ፋን ደርሰን ጋር ያወጣው ሁለተኛ እትም «በዶትኔት» የሚለውን ከርእሱ አውጥቷል፤ በእጅ ማገናኘትም ከማዕቀፎቹ በፊት ተቀምጦ ይገኛል።