ቲሩማላ፦ ህንዶች ቤተሰባቸውን መኪና ላይ ጭነው የሚወጡት ተራራ

በደቡብ ህንድ፣ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት ውስጥ ቲሩፓቲ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ በላይ ሰባት ኮረብታዎች ተደርድረዋል። እዚያ ላይ፣ ከባህር ጠለል በላይ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የቬንካቴስዋራ ቤተ መቅደስ አለ። ቬንካቴስዋራ በሂንዱ እምነት የቪሽኑ መገለጫ ነው። ቦታው ቲሩማላ ይባላል፤ በአዘቦት ቀን እንኳን ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይገባበታል።

ሰዉ ለምን ይሄዳል? በአንድ ቃል ስለት። ልጅ የለመነ፣ ከበሽታ የዳነ፣ ፈተና ያለፈ፣ ሥራ ያገኘ ሁሉ የተሳለውን ይዞ ይወጣል። ኩልቢ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አፈ ታሪኩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ አምላኩ ፓድማቫቲን ሲያገባ ለሰርጉ የሚሆን ብር ከሀብት አምላኩ ከኩቤራ ተበደረ፣ እስከ ዛሬም ከፍሎ አልጨረሰም። ምእመናን ሁንዲ በሚባለው የስጦታ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚጨምሩት ገንዘብና ወርቅ ዕዳውን ለማገዝ ነው ይባላል። (ለሰርግ ተበድሮ ዓመታት መክፈልን እኛም አናጣውም።)

ባቡርም አውቶቡስም አለ። ግን አያት፣ ሕፃንና ሦስት ቀን የሚበቃ ምግብ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ መኪና ይሻላል። ከቼናይ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባንጋሎር 250 አካባቢ። ከሃይደራባድ ግን ከ550 ስለሚበልጥ ብዙዎቹ ሌሊቱን ሲነዱ ያድራሉ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው መኪናውን በአበባ ያስጌጣል፣ ከጎማው ስር ሎሚ አስቀምጦ ይረግጠዋል፤ ክፉ ዓይንን ያርቃል ተብሎ ይታመናል። ከባንጋሎር የሚመጡት መንገድ ላይ ካኒፓካም ጎራ ብለው መጀመሪያ የዝሆን ራስ ያለውን ጋኔሻን የሚሳለሙ አሉ።

ዋናው ኬላ አሊፒሪ ላይ ነው። ሁሉም ይወርዳል፣ ሻንጣ በማሽን ያልፋል። መጠጥ፣ ሲጋራና ሥጋ ተራራው ላይ ፈጽሞ አይገቡም። ከዚያ ጠመዝማዛው ዳገት ይጀምራል። መንገዶቹ ሁለት ናቸው፤ በ1944 የተሠራው አሁን ለመውረጃ፣ በ1974 የተሠራው ለመውጫ ያገለግላል። የሚገርመው የፍጥነት ቁጥጥሩ ነው። መነሻ ኬላው ላይ ሰዓት ይመዘገባል፣ መድረሻው ላይ ይታያል። ሲወጣ ከ28 ደቂቃ፣ ሲወርድ ከ40 ደቂቃ በታች የፈጀበት ሹፌር ይቀጣል። ቶሎ ደርሰሃል ተብሎ መቀጣት! ገደሉን ላየ ግን ሕጉ ልክ ነው።

ከቤተሰቡ ወጣት የሆነው ብዙ ጊዜ አሊፒሪ ላይ ከመኪናው ይወርድና በእግሩ ይወጣል። 3,550 ደረጃ ነው፣ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። እያንዳንዱን ደረጃ ቢጫና ቀይ ዱቄት እየቀቡ የሚወጡ ሴቶችም አሉ። መንገዱ የሚያልፈው ጫካ ውስጥ ነው። ነሐሴ 2023 (በፈረንጆቹ) ከወላጆቿ ጋር ስትወጣ የነበረች የ6 ዓመት ልጅ ነብር ገድሏታል። ከዚያ በኋላ ልጅ የያዙ ሰዎች የሚወጡበት ሰዓት ተገደበ፣ ለእግረኞችም ዱላ መታደል ተጀመረ።

ላይ ሲደረስ ወረፋ ነው። ነጻው መስመር ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ በዓል ከሆነ ከአንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል። የ300 ሩፒ ትኬት ያሳጥረዋል፣ ግን ከወራት በፊት በኦንላይን ተለቆ ወዲያው ያልቃል። ትኬት ያላገኘው ለቶከን ይሰለፋል። ጥር 8 ቀን 2025፣ እንዲሁ በፈረንጆቹ፣ ቲሩፓቲ ከተማ ውስጥ ለቫይኩንታ ኤካዳሺ በዓል ቶከን ለመውሰድ የተሰበሰበ ሕዝብ ተረጋግጦ 6 ሰዎች ሞተዋል፣ በርካቶች ተጎድተዋል። ሰዎቹ የሞቱት ገና ተራራውን ሳይወጡ፣ ለአንዲት ወረቀት ሲጋፉ ነው። በዓል ላይ አዛውንትና ሕፃን ይዞ መሄድ ጥሩ ሐሳብ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

የአለባበስ ሕግም አለ። ወንዶች ዶቲ ወይም ኩርታ፣ ሴቶች ሳሪ ወይም ሻርፕ ያለው የባህል ልብስ ይለብሳሉ። የሌላ እምነት ተከታይ ደግሞ በአምላኩ አምናለሁ የሚል ቅጽ ላይ እንዲፈርም ይጠየቃል። ስልክ ውስጥ አይገባም፣ አስረክበህ ነው የምትገባው። ሰልፊ የለም፣ ላይቭ የለም። ያን ሁሉ መንገድ ነድተው፣ ሌሊት ተሰልፈው፣ ጥቁሩን ሐውልት የሚያዩት ለጥቂት ሰከንድ ነው። አስተናጋጆቹ በቴሉጉ «ጀረገንዲ! ጀረገንዲ!» (እለፉ እለፉ) እያሉ ይገፏቸዋል። ወጥተው ግን ሲያለቅሱ ታያለህ፣ ከደስታ።

ፀጉር መላጨት ትልቁ ስለት ነው። ካልያናካታ በሚባለው አዳራሽ አባት፣ እናት፣ ሕፃን ሳይቀር ይላጫሉ። ፀጉሩ በጨረታ ተሸጦ በመላው ዓለም ዊግ ይሆናል። በ2004 ይህ ንግድ እስራኤልና ኒው ዮርክ ድረስ ጣጣ አምጥቷል፤ ራቢዎች «ለጣዖት የቀረበ ነው» ብለው ስለከለከሉት ጥብቅ አይሁዳውያን ሴቶች ውድ ዊጎቻቸውን አደባባይ ላይ አቃጥለዋል። «የህንድ ሂውማን ሄር» እየተባለ የሚሸጠውን የምትገዙ ይህን እወቁልኝ።

የመጨረሻው ላዱ ነው፤ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳርና ከንጥር ቅቤ የሚሠራ ክብ ጣፋጭ። ከ2009 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስም አለው፣ የቲሩፓቲ ላዱ ብሎ ሌላ ሰው መሸጥ አይችልም። መስከረም 2024 የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ቻንድራባቡ ናይዱ በቀድሞው አስተዳደር ዘመን ቅቤው ውስጥ የእንስሳ ስብ ተቀላቅሏል ብለው አገር ተናወጠ። ሥጋ የማይነካ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። የቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት አስተባበሉ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን የሚመረምር ገለልተኛ ቡድን እንዲቋቋም አዘዘ።

ሽያጩ ግን አልቆመም። መኪናው ቁልቁል ሲመለስ የኋላ ወንበሩ ላይ የላዱ ከረጢት አይጠፋም፤ ለጎረቤት፣ ለቢሮ ሰው፣ መምጣት ላልቻለችው አክስት ይታደላል፣ ልክ እንደ ጠበል ጸዲቅ።