በገንዘብ የተበላ ምሳ

በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤታችሁ ወጥታችሁ አንድ ቀን ፓስታ፣ ሌላ ቀን ፉል ስታዝዙ፣ ይህ ነገር ለቀደሙት አባቶቻችን ነውር እንደ ነበረ ታስቡታላችሁን?

በጥንቱ ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም ያፈራውን ያቀርብለታል። መኳንንቱም ከግብር አዳራሽ ይበላሉ። እህል አብስሎ ለማያውቁት ሰው መሸጥ ግን ያሳፍር ነበር፤ ባዕድ ዓይን እያየ መጉረስማ ይልቁን የሚያስፈራ ነው።

ከ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወዲህ ግን የውጭ መልእክተኞችና ነጋዴዎች በአዲስ አበባ በዙ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩም ድሬዳዋ ደረሰ። ይህን ሁሉ እንግዳ በግብር አዳራሽ ማስተናገድ የማይቻል ስለ ሆነ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሆቴላቸውን አቆሙ። ቤቱ ቢከፈትም የአገሩ ሰው አልቀረበም። እንደሚተረከው፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ንጉሠ ነገሥት ለገዛ ባለቤታቸው የምሳ ዋጋ ሲቆጥሩ ያየ መኰንን ከዚያ ወዲያ በምን አፉ «ነውር ነው» ይላል? ዐዋጅ ቢነገር ይህን ያህል ባልሠራ ነበር።

ያ ቤት ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ተጐድቶ፣ ታድሶ እንደገና እንግዳ ተቀበለ።