ሰንሰለቱ እና አንቀጽ 177፦ ቤት ውስጥ የታሠረ የአእምሮ ሕመምተኛ የመክሰስ መብት

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የአእምሮ ሕመምተኛን የሚያስረው ብዙ ጊዜ ዳኛ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ጓሮ ባለች ክፍል ይቆለፍበታል፤ ወይም ጠበል ተወስዶ እዚያው ይታሠራል። መዝገብ አይከፈትም። ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና አዋጅም የለንም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ የታሠረ ሰው ስለ እስሩ ለፍርድ ቤት አቤት እንዳይል ሕጉ ይከለክለዋል? አይከለክለውም። የከለከለው የሕጉ አነባበብ ነው።

የሮበርት ሴድለር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት መጽሐፍና የጆርጅ ክሼቹኖቪች ስለ ልማዳዊ ሕግ የጻፏቸው ጽሑፎች የታወቁ ናቸው፤ ጠብ ስለሌለኝ አልፋቸዋለሁ። ጠቤ ከሬኔ ዳቪድ ጋር ነው።

ዳቪድ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁ ፈረንሳዊ ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቱሌን የሕግ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያ ልማዷ በራሱ ጊዜ እስኪበስል በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት መጠበቅ እንደማትችል፣ ሕጉም ኅብረተሰቡን ወደፊት የሚመራ እንደሆነ አስረድተዋል። ይህ ገለጻ ለራሳቸው ሕግ አንቀጽ 342 አይሠራም። አንቀጹ፣ ነዋሪው ከ2,000 በሚያንስበት አካባቢ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ የተነሣ የሚጠብቁት፣ እንዳይንቀሳቀስም የሚያግዱት ሰው እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል ይላል። እዚህ ሕጉ ልማዱን አልመራም፤ ተከተለው። ገመዱ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ዳቪድ ለልማድ ቦታ እንደተዉ ክደው አያውቁም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን የጋብቻን ወግ መቀበል አንድ ነገር ነው፣ ለሰው እጅና እግር መታሠር የሕግ ውጤት መስጠት ሌላ።

ከዚህ የባሰው ጥፋት የአንባቢዎቹ ነው። አንቀጽ 341 ሆስፒታል የተኛውን፣ 342 ቤት የታገደውን ሲጠቅሱ፣ ሰውየው ከሕግ ፊት የተሰወረ ይመስላቸዋል። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 343ን ያነበበ ግን ውጤቱ አንድ ብቻ መሆኑን ያያል፤ በዚያ ጊዜ የፈጸማቸውን ሕጋዊ ተግባራት እሱ ራሱ፣ እንደራሴዎቹ ወይም ወራሾቹ ሊቃወሟቸው ይችላሉ። ነገሩ የበሬ ሽያጭ ነው፤ ስለ አቤቱታ አንድ ቃል የለም። ችሎታ ይገመታል፤ የለውም የሚል ያስረዳ የሚለው አንቀጽ 196 አልተነካም።

አዳማ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 220,212 ነበር። ስለዚህ አዳማ ውስጥ በእናቱ ቤት የታሠረ ሰው አንቀጽ 342 ጨርሶ አይመለከተውም፤ ፍርድ ቤት በአንቀጽ 351 ካልከለከለው በቀር፣ በሰንሰለቱም ላይ ሆኖ፣ በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ነው። ተከልክሎ ቢሆን ሞግዚቱ ይክሰስለት ይባል ይሆናል። ሞግዚቱ ያሠረው ሰው ሲሆንስ?

ለዚህ መልሱ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታን የሚፈቅደው በሕግ ከተሰጠ ትእዛዝ ውጭ ለታገደ ማንኛውም ሰው ነው። አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የታገደው መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ይምልለታል። «ሌላ ሰው» ነው የሚለው፤ ዘመድ ወይም ሞግዚት አላለም። ይህን አቤቱታ ለፖሊስ ጣቢያ ብቻ የተበጀ የሚያስመስሉት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19(4) ብቻ የሚጠቅሱ ናቸው። እሱ የሚናገረው በወንጀል ስለተያዘ ሰው ነው፤ ሰፊውን በር አልዘጋም።

አንድ ንጽጽር ልጨምር። ሰው ገድሎ በአእምሮ ሕመም ኃላፊ ያልሆነና በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዘ ሰው ጉዳዩ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 132 መሠረት፣ በየሁለት ዓመቱ በዳኛ ይታያል። ማንንም ያልነካው የጓሮ እስረኛ ግን የሚያየው ዳኛ የለም። አሜሪካም የእስረኞችን ክስ የሚያጠበው የ1996 ሕጓ በፍትሐ ብሔር መንገድ የተያዙትን እንደማይመለከት አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2000 ወስኗል፤ ሁለቱም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው። ያ ሕግ ክስን ቢያጠብም፣ ክስ መኖሩን አምኖ ነው።

እናትን መክሰስ ጭካኔ ነው የሚለው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። የሕግ ሰዎች የማናነበው አንድ የሕክምና ጥናት ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ላውራ አሸር ከአበባው ፈቃዱ፣ ሰሎሞን ተፈራ፣ ሻርሎት ሃንሎንና ሌሎች ጋር ከቡታጅራ አቅራቢያ በምትገኘው ሶዶ ወረዳ የሠሩት። ርእሱ ራሱ የወላጅ ልቅሶ ነው። ቤተሰብ የሚያስረው በክፋት ሳይሆን ሕክምና ሲርቀው፣ ገንዘብ ሲያልቅበትና ልጁ እንዳይጠፋ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ሲፈራ መሆኑን ያሳያል። እንግዲያ አንቀጽ 177 እናትን አይቀጣም፤ የሚያዝዘው የታገደው ሰው ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ ያገደውም ምክንያቱን እንዲናገር ነው። እናቲቱ ሕክምና እንዳጣች በመዝገብ የምትናገርበት ሌላ ችሎት አላውቅም።

ይህ ንባብ የሕጉን ቃል የተከተለ ነው፤ የተሻለ ንባብ ያለው ያቅርብ። እስከዚያው አቤቱታውን ለሚጽፈው የአዳማ ራፖር ጸሐፊ የሚያስፈልገው አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የእድር ጎረቤት ናት፤ ሰውየው የታሠረበትን ሁኔታና ራሱ መማል አለመቻሉን፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች የምትምል።