የጠበበ ልብስ ታሪክ፦ የብሪታንያ እናቶችና የሕፃናት ልብስ በጦርነቱ ዘመን

ስለ አለባበስ ታሪክ የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ገጻቸውን የሚሰጡት ለነገሥታት ካባና ለመኳንንት ሐር ነው። ሕፃን በስድስት ወር ውስጥ አድጎ ስለሚጠበው እጀ ጠባብ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ባለጸጋው ካባውን በሣጥን አስቀምጦ ለልጅ ልጁ፣ ከዚያም ለቤተ መዘክር ያወርሳል፤ የድኻ ልጅ ልብስ ግን እስከ መጨረሻው ክር ድረስ ሥራ ላይ ስለሚውል ለታሪክ ጸሐፊ የሚተርፍ ነገር አይኖረውም። ያም ሆኖ ይህ የጓዳ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ በአዋጅ፣ በራዲዮና በግድግዳ ሥዕል የተነገረበት አንድ ወቅት አለ። እርሱም ብሪታንያ ልብስን በኩፖን ያከፋፈለችበት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1949 ያለው ስምንት ዓመት ነው።

የታላቁን ልብስ ለታናሹ ማውረድ ጦርነቱ የፈጠረው ብልሃት አልነበረም። የፌቢያን ማኅበር የሴቶች ቡድን ከ1909 እስከ 1913 በደቡብ ለንደን፣ በላምቤት ሠፈር፣ የወዛደር ቤተሰቦችን ኑሮ ሲያጠና ቆይቶ ነበር። ከዚህ ጥናት የተገኘው የሞድ ፔምበር ሪቭስ መጽሐፍ በ1913 ሲታተም የቤት ኪራዩን፣ የከሰሉንና የዳቦውን ወጪ እስከ ፔኒ ድረስ ይዘረዝራል። ልብስ ላይ ሲደርስ ግን ሒሳቡ እንቆቅልሽ ይሆንበታል፤ ለጫማ በየሳምንቱ ጥቂት ፔኒ ከመቆጠቡ በቀር ለልብስ የተያዘ ገንዘብ በብዙዎቹ ቤቶች አይገኝም። ይሁን እንጂ ልጆቹ ራቁታቸውን አልሄዱም። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ያልታየውን ገንዘብ የተካው በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈው የእናቶች ጉልበት ነበር።

የጉልበቱ መንገድም የታወቀ ነው። የአባት ሸሚዝ አንገቱና ክንዱ ሲያልቅ ከጀርባው በኩል ያለው ደኅና ጨርቅ ተቆርጦ የሕፃን ቀሚስ ይሆናል፤ ቀሚሱ ሲጠብ ለሚቀጥለው ልጅ ይተላለፋል፤ ለሦስተኛው ልጅ የማይበቃ ሲሆን የሽንት ጨርቅ፣ ከዚያም የወለል መወልወያ ይሆናል። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች በሚኖሩባቸው በደርሃምና በኖርዘምበርላንድ ደግሞ የማይለበሰው የሱፍ ልብስ ሁሉ በጣት ርዝመት ይቆረጥና በእንጨት ወጣሪ ላይ በተዘረጋ ጆንያ ውስጥ እየተሰካ የእሳት ዳር ምንጣፍ ይሠራበታል። በክረምት ምሽት ሴቶቹና ልጆቹ ወጣሪውን ከበው ይሠራሉ። አዲሱ ምንጣፍ በገና ዋዜማ በዋናው ክፍል ምድጃ ፊት ሲነጠፍ የአምናው ወደ ጓዳ ይገባል። በቤት ውስጥ የማይፈለገውን ቡትቶ እየዞረ የሚሰበስብ ነጋዴ ነበር። እርሱ የሰበሰበው ሱፍ በዮርክሻየር ወደሚገኙት የባትሊና የዱስበሪ ከተሞች ይጓዛል። በባትሊ ቤንጃሚን ሎው የተባለ ሰው ከ1813 ገደማ ጀምሮ የሱፍ እራፊን በመኪና ቀዶና ፈትቶ፣ ከአዲስ ሱፍ ጋር ደባልቆ እንደገና የመፍተልን ዘዴ በሥራ ላይ አውሎ ነበር። ሾዲ የተባለው ይህ ጨርቅ ለወታደር ልብስና ለብርድ ልብስ በብዛት ይውል ስለ ነበር የወዛደሩ ሕፃን ሹራብ ዞሮ የወታደር ካፖርት ውስጥ መግባቱ እንግዳ ነገር አልነበረም።

መንግሥት ወደዚህ ዓለም የገባው እሑድ፣ ጁን 1 ቀን 1941 ነው። የንግድ ቦርዱ ፕሬዚዳንት ኦሊቨር ሊትልተን ልብስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሽን እንደሚሆን በራዲዮ አስታወቀ። ሱቅ በተዘጋበት የበዓል ቀን መታወጁ ገንዘብ ያለው ሰው ተሻምቶ መደርደሪያውን እንዳያራቁት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ሕዝቡን ቡትቶ ማልበስ ነው ሲል ሐሳቡን ተቃውሞ ነበር፤ ሊትልተን በኋላ እንደ ጻፈው ፈቃዱን ያገኘው ቸርችል ቢስማርክ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ በማሳደዱ ሥራ ተጠምዶ በነበረበት ሰዓት ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር። ጥጥና ሱፍ ከባሕር ማዶ የሚያመጡት መርከቦች ለጦር መሣሪያና ለምግብ ተፈልገዋል፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹና ሠራተኞቻቸውም እንዲሁ።

ለአንድ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የተመደበው 66 ኩፖን ነበር። የልብስ ኩፖን ደብተር ገና ስላልታተመ በምግብ ደብተሩ ውስጥ የነበረው ትርፍ የማርጋሪን ኩፖን በምትኩ ሠራ። የሴት ቀሚስ 11፣ የወንድ ጫማ 7፣ የሴት ጫማ 5፣ የእግር ሹራብ 2 ኩፖን ይጠይቅ ነበር። ኩፖን ገንዘብ አልነበረም፤ ኩፖኑን የቆረጠ ሰው ዋጋውንም ይከፍላል። ልጆች ስለሚያድጉ 10 ኩፖን ተጨመረላቸው፤ ለነፍሰ ጡርም እንዲሁ የተለየ ድርሻ ተሰጣት። ጤነኛ ሕፃን ግን በአምስት ወር ገደማ የውልደት ክብደቱን እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ከዚህ እድገት ጋር እኩል የሚሮጥ የኩፖን ሠንጠረዥ ሊዘጋጅ አልቻለም፤ ድርሻውም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄዶ ከሴፕቴምበር 1945 እስከ ኤፕሪል 1946 ለነበሩት ስምንት ወራት 24 ኩፖን ብቻ ሆነ።

እንግዲህ መንግሥቱ ፊቱን ወደ እናቶች መርፌ መለሰ። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ለንግድ ቦርዱ ያዘጋጀው፣ ባለው መብቃቃትንና መጠገንን የሚያስተምር መጽሔት በ1943 ታተመ። ከክር መጠቅለያ የተሠራች የምትመስል አሻንጉሊት ወይዘሮ የዘመቻው መለያ ሆነች፤ ዶንያ ናክሸንን የመሰሉ ሠዓልያን የቤት ቁም ሣጥንን እንዲፈተሽ የሚቀሰቅሱ የግድግዳ ሥዕሎችን ሣሉ። የሰፊ ሱሪ ጨርቅ ሁለት የተማሪ ቁምጣ እንደሚወጣው ተነገረ። ከሁሉ ይልቅ የረቀቀው የሹራብ ሥራ ነበር። የሕፃኑ ሹራብ ሲጠብ መጋጠሚያው ይፈታል፤ ክሩ ከተሠራበት ጫፍ ተይዞ ይተረተርና በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠመጠማል፤ እንዳይወሳሰብ በጥቂት ቦታ ታስሮ ይታጠባል፤ መጨማደዱን እንዲለቅ ከታች ክብደት ያለው ነገር ተንጠልጥሎበት ይደርቃል። ከዚያም በልቃቂት ተጠቅልሎ፣ ካልበቃ ሌላ ቀለም ያለው ክር ተጨምሮበት፣ ለታላቁ ልጅ ባለ መስመር ሹራብ ይሠራበታል። ልብስ ሰፊዋ ወደፊት የምታስብ ከሆነች ደግሞ ገና ሲሰፋ ቅምቅማቱን ሰፊ አድርጋ ትተዋለች፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ቅምቅማቱ ይፈታል፤ ሲያልቅም በወገቡና በብብቱ ሥር የሌላ ጨርቅ ቅዳጅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ትምህርት የተላለፈው ወደማያውቁት ሰዎች ብቻ አልነበረም። የላምቤት እናት ምክሩን ስታነብ ከእናቷ የተማረችውን መልሰው ሲያስተምሯት ነበር። ያውም ጊዜ በሌላት ወቅት። በዲሴምበር 1941 የወጣው ሕግ ያላገቡ ወጣት ሴቶችን ለብሔራዊ አገልግሎት ሲመለምል፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን እናቶች አያስገድድም ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በፈቃዳቸውም በችግራቸውም ፋብሪካ ገቡ። ቀን የጥይት ቀለህ፣ ሌሊት መርፌ ነበር።

የዘመኑ እውነተኛ አዲስ ነገር ከመጽሔቱ ይልቅ የልጆች ልብስ መለዋወጫ ጣቢያው ነው። ሌዲ ሬዲንግ በ1938 ያቋቋመችው የሴቶች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ድርጅት በየአካባቢው አዳራሽ ይህን ሥራ ያካሂድ ነበር። እናት የጠበበውን ልብስ አጥባና ጠግና ታመጣለች፤ ልብሱ እንደ መጠኑና እንደ ደኅንነቱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በነጥቧም ለልጇ የሚሆን ሰፋ ያለ ልብስ ትመርጣለች። ኩፖንም ገንዘብም አይጠየቅም። ከዚህ በፊት የልብስ ጉዞ በአንድ ቤተሰብ ወይም በአንድ መንደር የተወሰነ ነበር፤ የመጨረሻ ልጅ ያላት እናት የጠበበውን የምታወርድለት አልነበራትም፣ የመጀመሪያ ልጅ ያላት ደግሞ የምትወርሰው። ጣቢያው ሁለቱን አገናኘ።

ሆኖም መመስገን ያለበትን ያህል ብቻ ማመስገን ይገባል። ነጥብ ለማግኘት የሚያመጡት ደኅና ልብስ ያስፈልጋል። ከአንድ ልጅ ገላ ላይ የወረደ የመካከለኛ መደብ ልብስ ብዙ ነጥብ ሲያወጣ በሦስት ልጆች ላይ ያለፈው የድኻው ልብስ ጥቂት ያወጣል፤ ወይም ከናካቴው አይቀበሉትም። ኩፖኑም ራሱ ብዛትን እኩል አደረገ እንጂ ጥራትን አላደረገም። ለአሥር ዓመት የሚያገለግለው ውድ ካፖርትና በአንድ ክረምት የሚያልቀው ርካሽ ካፖርት የሚቆረጥላቸው ኩፖን አንድ ነበር፤ ባለጸጋው ደግሞ ወደ ራሽኑ የገባው ቁም ሣጥኑን ሞልቶ ነው። የሚተረተር ሹራብ ለሌለው ሰው ስለ መተርተር ማስተማር ምን ይጠቅመዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ያመጣው ሲሲ 41 የሚል ምልክት የታተመበት የዩቲሊቲ ልብስ ነበር። ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ በታቀደው በዚህ አሠራር ጨርቁ በመንግሥት መመዘኛ ይሸመናል፤ ዋጋው ይወሰናል፤ ከ1942 ወዲህም ከግዢ ግብር ነፃ ሆነ። ለወዛደሩ ልጅ ከዘመቻው ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ የረዳው ይህ ነው፤ ለታናሽ ለመውረድ የሚበቃ ልብስ በመጀመሪያው ገዢ እጅ ገብቷልና።

የልብስ ራሽን ሃሮልድ ዊልሰን የንግድ ቦርዱ ፕሬዚዳንት በነበረበት ጊዜ፣ በማርች 15 ቀን 1949 አበቃ። ከዚያ በኋላ ገበያውን የሞላው አብዛኛው የመኪና ሹራብ ከጥቅል ጨርቅ ተቆርጦ የሚሰፋ ስለ ሆነ ክሩ በየጠርዙ ይበጠሳል፤ እንደ ቀድሞው ተተርትሮ ወደ ልቃቂት አይመለስም። የለንደኑ ኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም በ2015 ስለዚያ ዘመን አለባበስ ትልቅ ትርኢት አሳይቷል። የዘመቻው ሥዕሎች ቀለማቸው ዛሬም ደማቅ ነው፤ የኩፖን ደብተሮቹም ተጠብቀዋል። የላምቤት ሕፃን ሹራብ ግን ተተርትሮ የእኅቱ፣ እንደገና ተተርትሮ የታናሹ የእግር ሹራብ ሆኖ ተረከዙ ሲያልቅ ወደ እራፊው ቅርጫት ገብቷል።