የዓይን ጨረር ቃጠሎ፦ «ብየዳ መታኝ» ለምንለው ሕመም የሚገባው ስም

ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው አስፋልት ላይ ሂርና ስትደርሱ፣ የብረት ሥራውን ከቤት ውስጥ ይልቅ ደጃፍ ላይ ታገኙታላችሁ። በር፣ መስኮት፣ የባጃጅ ዕቃ መጫኛ፣ የአይሱዙ የጎን ብረት፣ ሁሉም መንገድ ዳር ተዘርግቶ ይበየዳል። በያጁ በቀኝ እጁ ኤሌክትሮዱን ይዟል፤ በግራው የበሩን ማዕዘን ቀጥ አድርጎ ደግፏል። የእጅ ማስኩ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የሚያነሳበት እጅ የለውምና። «ነጥብ ላድርጋት ብቻ» ይልና ፊቱን ዘወር፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ብረቱን ይነካል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ደግሞ ሰማያዊውን ብልጭታ ቆመው ያዩታል።

ቀኑ በሰላም ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው ሌሊት ነው። ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፤ እንባ ይወርዳል፤ አምፖል ማየት ያቅታል። ጠዋት ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ብየዳ መታኝ።»

ይህ ሕመም በእንግሊዝኛ ተናጋሪ በያጆች ዘንድ «አርክ አይ» ይባላል፤ የሕክምና ስሙ «ፎቶኬራታይቲስ» ነው። በአማርኛ የሚመጥነው ስም «የዓይን ጨረር ቃጠሎ» ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ስሙ ከየት መጣ?

«አርክ» ቅስት ማለት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሐምፍሪ ዴቪ በሁለት አግድም በተያዙ የከሰል ዘንጎች መካከል ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፣ የጋለው አየር ነበልባሉን ወደ ላይ እየገፋ እንደ ቀስት ያጎብጠው ነበር። «ቅስት» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ዛሬ በኤሌክትሮድም ሆነ ቲግ በሚባለው የአርጎን ጋዝ ብየዳ ስንበይድ ብረቱን የሚያቀልጠው ያው ቅስት ነው። ሙቀቱ ከ5,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እንዲህ የጋለ ነገር ከሚታየው ብርሃን ጋር የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይረጫል። ዓይንን የሚያቃጥለው ይህ የማይታየው ነው።

ጨረሩ በዓይን ፊት ለፊት ባለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ላይ ያርፋል። የሽፋኑን የላይኛውን ስስ ንብርብር ይጎዳል፤ የተጎዱት ሕዋሳት ከሰዓታት በኋላ ሲረግፉ ከሥር ያሉት ነርቮች ይጋለጣሉ። ሕመሙ ወዲያው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሰውም በዚህ መዘግየት ይታለላል። ሲበይድ ምንም ስላልተሰማው ምንም ያልሆነ ይመስለዋል።

ለምን ሌላ ስም አልመረጥንም?

የመጀመሪያው አማራጭ ቃል በቃል መተርጎም ነበር፦ «የቅስት ዓይን»። ይህ ለበያጁም ለሐኪሙም ምንም አይነግርም። የዓይን ዓይነት እንጂ ጉዳት አይመስልም።

ሁለተኛው አማራጭ ለአማርኛ ጆሮ እጅግ የሚጥም ነው፦ «የብየዳ ምች»። ምች «መታ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሕዝቡም «ብየዳ መታኝ» ማለቱ «ምች መታኝ» ከሚለው ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ምች ሲባል የሁላችንም እጅ ወደ ዳማከሴ ይሄዳል። ቅጠል አሽቶ የተቃጠለ ዓይን ውስጥ መጨመር በቁስል ላይ ቆሻሻ መጨመር ነው፤ ኢንፌክሽን ያመጣል። ምች ደግሞ ሳይታሰብ የሚመታ የዕድል ጉዳይ ይመስላል። ይህ ሕመም ግን በመስታወት የሚከለከል ነው። ለዚህ ስል የሚጥመውን ስም ተውኩት።

«የብርሃን ቃጠሎ»ስ? ይህም ያሳስታል። ብርሃን ካልን፣ ብርሃኑን ያደበዘዘ ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። ብዙ ወጣት በያጆች ከመንገድ ላይ የገዙትን ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርገው የሚሠሩት በዚህ አስተሳሰብ ነው። መነጽሩ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የዓይን ብሌን ግን በጨለማው ይሰፋል፤ ጨረሩም በጎንና በሥር ይገባል። «ጨረር» የሚለው ቃል የማይታየውን ያስታውሳል። «ቃጠሎ» የሚለው ደግሞ ጉዳቱን በስሙ ይጠራል። ቃጠሎ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ መከላከል እንደሚቻልም እንዲሁ።

ቲግ ሲመጣ ምን ይለወጣል?

በኤሌክትሮድ ስንበይድ ጭስ አለ፤ ጭሱ ለሳንባ ጠላት ቢሆንም ከጨረሩ ጥቂቱን ይጋርዳል። ቲግ በአርጎን ጋዝ ተከልሎ ስለሚሠራ ጭሱ ጥቂት ነው። ሥራው ንጹሕና ጸጥ ያለ ስለሆነ የዋህ ይመስላል። ሆኖም ጨረሩ የሚጋርደው ስለሌለ ይበረታል። ቲግ የሚዘወተርባቸው አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ደግሞ እንደ መስታወት ያንጸባርቃሉ። ስለዚህ በቲግ ሲሠራ አንገትና ክንድም ፀሐይ እንደመታው ቆዳ ይቀላል። ሸሚዝ እስከ አንገት መቆለፍና እጅጌ ማውረድ ግድ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

የማስክ መስታወት ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥቁረቱ ይጨምራል። ከ60 እስከ 160 አምፔር በኤሌክትሮድ ለሚበይድ የሚመከረው 10 ቁጥር ነው። ከ50 እስከ 150 አምፔር በቲግ ለሚበይድ 12 ቁጥር ይመከራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታማው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ ላይ በታየ ጊዜ ስለ ብየዳ መስታወት ብዙ ተወርቶ ነበር። ፀሐይን በቀጥታ ለማየት ቢያንስ 12 ቁጥር ያስፈልጋል። በያጅ ከክንድ ባነሰ ርቀት ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

በእጅ የሚያዘው ማስክ የሚተወው ሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ነው። መፍትሔው በራስ ላይ የሚጠለቅ ማስክ ነው። ቅስቱ ሲነሳ በራሱ የሚጠቁረው ዓይነት ነጥብ ለማድረግ እጅግ ይመቻል፤ በሕጋዊ ደረጃ የተሠራ ከሆነ መስታወቱ ባይጠቁርም እንኳ አልትራቫዮሌቱን ይከለክላል። «ነጥብ ብቻ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ዓይን የሚጨፈነው ቅስቱ ከበራ በኋላ ነው፣ በቀን ውስጥ የተቀበላቸው ቅንጣት ጨረሮችም ይደማመራሉ።

ለአላፊ አግዳሚውስ? ርቀት ትልቅ መድኃኒት ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። በመንገድና በሥራው መካከል አንድ ላሜራ ማቆም ወይም ወፍራም ሸራ መጋረድ ልጆቹን ያድናል። የላሜራው ገጽ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ይቀባ፤ አለዚያ ጨረሩን መልሶ ወደ በያጁና ወደ ረዳቱ ይልካል።

ከተቃጠለ በኋላ

ዓይን አይታሽ። ወተት፣ የተፈጨ ቅጠል፣ ሌላም ነገር ዓይን ውስጥ አይጨመር። በጨለማ ክፍል ማረፍ፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማድረግ ሕመሙን ያስታግሳል። አብዛኛው ሰው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል። ማደንዘዣ የዓይን ጠብታ ከፋርማሲ ገዝቶ ደጋግሞ መጠቀም ግን አደገኛ ነው፤ ሕመሙን ደብቆ ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋል። ዕይታ ከደበዘዘ፣ ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ካልቀነሰ ወይም የብረት ፍንጣሪ ገብቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ለሐኪሙም «ብየዳ መታኝ» ከማለት ይልቅ «የዓይን ጨረር ቃጠሎ ነው፤ ትናንት ከሰዓት ያለ ማስክ ነጥብ ሳደርግ ነበር» ማለት ይሻላል።

ቃሉ እንዲለመድ

የብረት ሠራተኞቻችን ቃል ለመቀበል ፈጣን ናቸው። ላሜራ፣ ሞርሳና ፌሮ ከጣሊያንኛ መጥተው ዛሬ የእኛ ናቸው። «የዓይን ጨረር ቃጠሎ»ም በማሠልጠኛው ክፍልና በሱቁ ደጃፍ ቢነገር ይለመዳል። ሂርና ላይ በያጅና ደንበኛ በአብዛኛው የሚግባቡት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ አሠልጣኞች በዚያው መንገድ የማያሻማ ስም እንዲያወጡለት አደራ እላለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ረዳት የቀጠራችሁ የሱቅ ባለቤቶች ሆይ፣ ሁለተኛ ማስክ ግዙ፤ ረዳቱም ዓይን አለው። በያጆች ሆይ፣ ቅስቱን ከማስነሳታችሁ በፊት «ዓይን!» ብላችሁ ጮክ በሉ፣ በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ ፊቱን እንዲያዞር። የቆመ ልጅ ካለ ደግሞ እስኪያልፍ ድረስ ኤሌክትሮዱን አታስነኩ።